በጋብቻ የተገኘ የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚጸናበት ሥርዓት

ጋብቻ በየትም አገር ቢሆን የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በኛ አገር ልማድ ሽማግሌ ይላካል፤ እማኝ ይቆጠራል፤ ውል ይጻፋል፤ ዘመድና ጎረቤትም ይሰማል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ባልና ሚስቱ እርስ በርሳቸው ስለማይተማመኑ አይደለም። ትዳር ልጅንና ውርስን፤ ስምንና ንብረትን የሚያስከትል ስለ ሆነ፤ ሌላው ሰው ሁሉ አውቆት እንዲመሰክርለት ነው። ባሕር ማዶ ተሻግሮ የሚጸና ጋብቻ ግን ከነዚህ ሁሉ በላይ አንድ ሌላ ነገር ያስከትላል፤ ይኸውም በሰው አገር የመኖር መብት ነው። ይህንንም መብት የሚሰጠው መንግሥት በበኩሉ እንደ ሽማግሌ ይጠይቃል፤ እንደ እማኝም ይመዘግባል።

ዛሬ ከከተማችን ቤተ ሰቦች መካከል በዋሽንግተን፤ በሜሪላንድ፤ በቨርጂኒያ፤ በሚኒሶታ ወይም በካሊፎርኒያ ወንድ ልጁን ወይም ሴት ልጁን ያልዳረ ወይም የዳረ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። ወላጆችም ሙሽራይቱ ወይም ሙሽራው ግሪን ካርድ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ መቀበሉን በሰሙ ጊዜ ነገሩ ሁሉ የተፈጸመ መስሏቸው ደስ ይላቸዋል። ደስ መሰኘታቸው መልካም ነው። ነገር ግን ጋብቻቸው አዲስ ለሆነ ሰዎች የመጀመሪያው ካርድ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሁለቱ ዓመት ከማለቁ በፊት ሌላ ጽሕፈት ተዘጋጅቶ ካልቀረበ መብቱ ይጠፋል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚናገረው ስለዚህ ሁለተኛ ጽሕፈት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ የኛው አቆጣጠር ሲሆን በስሙ ለይተን እንጠራዋለን።

ሕጉ የመጣበት ምክንያት

ያሜሪካ መንግሥት የዜጋው ባል ወይም ሚስት የሆነውን ሰው ከሌላው አስቀድሞ ወደ አገሩ ያስገባል። ይህ ቸርነት ባለበት ቦታ ደግሞ ትዳር ሳይፈልጉ ለፈቃዱ ብቻ ሲሉ የሚጋቡ ሰዎች አልታጡም። ስለዚህ የአገሪቱ ምክር ቤት በ1986 ዓ.ም. በጋብቻ የሚደረገውን ማታለል የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ሕጉም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ተፈርሞ ጸና። በዚህ ሕግ መሠረት የመኖሪያ ፈቃዱን በተቀበለበት ቀን ጋብቻው ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ፈቃዱን የሚቀበለው በቅድመ ሁኔታ ነው። ሁለት ዓመት ከሞላው ግን ቅድመ ሁኔታ ሳይኖርበት የአሥር ዓመቱን ካርድ ወዲያው ይቀበላል።

በቅድመ ሁኔታ የሚኖር ሰው ማለት በመብቱ ከሌላው ቋሚ ነዋሪ ያነሰ ማለት አይደለም። ይሠራል፤ ይማራል፤ ንብረት ይገዛል፤ ወጥቶም ይገባል፤ ለዜግነት የሚቆጠርለትም ዘመን ከመጀመሪያይቱ ቀን ጀምሮ ነው። ልዩነቱ መብቱ በቀጠሮ የታሰረ መሆኑ ነው። ካርዱንም ያየ ሰው ይህን ሊያውቀው ይችላል፤ ካገሩ ቪዛ ይዞ የገባው ብዙውን ጊዜ ሲ አር 1 የሚል፤ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ የተቀበለው ደግሞ ሲ አር 6 የሚል ምልክት ተጽፎበታል፤ የሚያበቃበትም ቀን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በዕጣ ወይም ዲቪ በሚባለው መንገድ የሄደ ሰው ይህ ቅድመ ሁኔታ የለበትም፤ ስለዚህም የዲቪ ባለ ዕድል የሆነው ጓደኛ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልተጠየቅሁም» ቢል እውነቱን ነው። በጋብቻ ለሄደው ግን የርሱ ምክር አይጠቅመውም።

ስለ ቀኑ አቆጣጠር

የሚቀርበው ማመልከቻ ቅጽ አይ-751 ይባላል፤ ትርጓሜውም በመኖሪያ ፈቃድ ላይ ያለውን ቅድመ ሁኔታ ለማስነሣት የሚቀርብ ልመና ማለት ነው። ባልና ሚስት በአንድነት የሚያቀርቡት ሲሆን ጊዜው የተወሰነ ነው። ካርዱ ከሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ ባሉት 90 ቀኖች ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ አስቀድሞ ቢላክ ሳይመረመር ይመለሳል። ዘግይቶም ቢላክ የዘገየበትን በቂ ምክንያት በጽሑፍ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ካልተወደደ ልመናው አይቀበልም። ጨርሶ ያላቀረበ ሰው ሁለተኛው ዓመት በሞላበት ቀን ነዋሪነቱ ይቀርበታል፤ ካገር እንዲወጣም በፍርድ ቤት ሊከሰስ ይችላል።

ይህን መቁጠር ለኛ አገር ሰው ከፈረንጅ ይልቅ ይቀልለዋል፤ ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ 90 ቀን ማለት ሦስት ወር ሙሉ ነውና። ለምሳሌ አንድ ሰው ነዋሪነቱን የተቀበለው በጁን 10 ቀን 2024 ዓ.ም. ቢሆን፤ ይህ በኛ አቆጣጠር ሰኔ 3 ቀን 2016 ነው። ሁለተኛው ዓመት የሚሞላው ሰኔ 3 ቀን 2018 ነው፤ ከዚያ ሦስት ወር ወደ ኋላ ሲቆጠር መጋቢት 3 ቀን ይሆናል፤ ይህም በፈረንጅ ማርች 12 ቀን 2026 ነው። እንግዲህ ማመልከቻው ከመጋቢት 3 ቀን በኋላ፤ ከሰኔ 3 ቀን በፊት መድረስ አለበት። ጳጕሜን በመካከል የገባች እንደ ሆነ ግን አምስቱን ወይም ስድስቱን ቀን መጨመር እንዳይረሳ። ብልህ ሰው በመጀመሪያይቱም በመጨረሻይቱም ቀን አይልክም፤ በሩ ከተከፈተ ጥቂት ቀን ቆይቶ፤ ሊዘጋ ብዙ ቀን ሲቀረው ይልካል።

ከሁሉ የሚያስፈልገው ነገር መንግሥቱ ቀኑን ያስታውሰኛል ብሎ አለመተማመን ነው። ካርዱን በተቀበሉበት ቀን ቀኑን ጽፎ በግድግዳ ላይ መስቀል የሁለት ዓመት ስጋትን ያስቀራል።

ስለ ቅጹና ስለ ክፍያው

ቅጹ ከዜግነትና ከኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ቅጹን የሚሸጥ ሰው ቢገኝ አታላይ ነው። የማመልከቻው ክፍያ ግን ከ2024 ዓ.ም. ከኤፕሪል 1 ቀን ጀምሮ 750 ዶላር ሆኗል። ገንዘቡ የሚከፈልበት መንገድና ጽሕፈቱ የሚላክበት አድራሻ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፤ ካንድ ዓመት በፊት የላከውን ወዳጅ ከመጠየቅ ይልቅ በሚልኩበት ሳምንት የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ማየት ይገባል። ቅጹም ቢሆን የታተመበት ቀን በግርጌው ተጽፏል፤ ያረጀ ቅጽ የላከ ሰው ይመለስበታል።

ከቅጹ ጋራ የካርዱ የፊቱና የጀርባው ግልባጭ ይያያዛል። በአንድነት ለሚቀርበው ልመና ባልም ሚስትም በየስማቸው ይፈርማሉ፤ የአንዱ ፊርማ የጎደለ እንደ ሆነ ወረቀቱ ሁሉ ይመለሳል። ልጆችም ከእናታቸው ወይም ከአባታቸው ጋራ በአንድ ቀን፤ ወይም ከዚያ ወዲህ በ90 ቀን ውስጥ ነዋሪነት የተቀበሉ እንደ ሆነ በዚያው ቅጽ ውስጥ ይገባሉ። ከ90 ቀን በላይ ዘግይተው የመጡ ልጆች ግን ለየራሳቸው ማመልከት አለባቸው። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ቆይተው ስለሚያስመጡ ይህን ነገር በብርቱ እንዲያስተውሉት እናሳስባለን። ተይዞ ወይም ተከስሶ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ነጻ የተለቀቀ እንኳ ቢሆን የፍርድ ቤቱን የተረጋገጠ ግልባጭ ማቅረብ ይገባዋል፤ የተደበቀ ነገር ሲገለጥ ከነገሩ ይልቅ መደበቁ ይጎዳል።

ትዳርን በወረቀት ስለ ማስረዳት

የሥራው ሁሉ ጭንቅላት ይህ ነው። ሹሙ ባልና ሚስቱ መዋደዳቸውን አይለካም፤ ሊለካውም አይችልም። የሚመለከተው ጋብቻው በቅን ልብ የተፈጸመ መሆኑንና ሁለቱ ሰዎች ኑሯቸውን በእርግጥ ያዋሐዱ መሆናቸውን ነው። ይህንንም የሚያሳዩ ወረቀቶች በተለይ እነዚህ ናቸው፤

1ኛ/ በመካከላቸው የተወለደ ልጅ ካለ የልደቱ ምስክር ወረቀት፤
2ኛ/ በሁለቱም ስም የተጻፈ የቤት ኪራይ ውል ወይም የቤት መግዣ ብድር፤
3ኛ/ የገቢ ግብር ባልና ሚስት በአንድነት ለመክፈላቸው ከግብር መሥሪያ ቤቱ የተገኘ ግልባጭ፤
4ኛ/ ገንዘብ በእርግጥ የሚገባበትና የሚወጣበት የጋራ የባንክ ሒሳብ፤
5ኛ/ አንዱ ሌላውን ተጠቃሚ አድርጎ የጻፈበት የሕይወት፤ የጤና ወይም የመኪና መድን፤
6ኛ/ በሁለቱም ስም የሚመጣ የመብራት፤ የውሃና የስልክ ሒሳብ፤
7ኛ/ አብረው የተጓዙበት ትኬት፤ ከዘመድና ከወዳጅ ጋራ በየጊዜው የተነሡት ፎቶግራፍ።

ወረቀቶቹ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለውን ዘመን ሁሉ ማሳየት አለባቸው። የሠርግ ፎቶግራፍ መቶ ቢቀርብ የሚያስረዳው አንድ ቀንን ብቻ ነው። ልመናው ሊቀርብ አንድ ወር ሲቀረው የተከፈተ የባንክ ሒሳብም ጥርጣሬን ያመጣል እንጂ እምነትን አያመጣም። በየሦስት ወሩ አንድ የባንክ መግለጫ፤ በየዓመቱ አንድ የግብር ግልባጭ፤ በየውሉ እድሳት አንድ ቅጂ እየተደረገ በአንድ መዝገብ ቢቀመጥ፤ ሁለቱ ዓመት ሲሞላ ጽሕፈቱ ራሱን አዘጋጅቶ ይገኛል።

የኛ አገር ሰው ኑሮ ግን ብዙ ጊዜ ወረቀት አይተውም፤ ችግሩም ከዚህ ይነሣል። ባልና ሚስት በአንድ ጎጆ እየኖሩ ገንዘባቸውን በዕቁብ ያስቀምጣሉ፤ ዕቁብ ግን በእጅ ተሰጥቶ በእጅ የሚቀበሉት ስለ ሆነ ለሹም የሚታይ ማስረጃ የለውም። ቤቱ ቀድሞ የሄደው ባል ባላገባበት ጊዜ በተከራየው ውል ይቀጥላል፤ ሚስቲቱ ከገባች በኋላ ስሟ አይጨመርም። መኪናው በአንዱ ስም፤ ስልኩ በአጎት ልጅ ስም ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ትዳራቸው የጸና ሳለ በወረቀት ሲታዩ እንደማይተዋወቁ እንግዶች ይመስላሉ። ስለዚህ ሙሽራይቱ በገባች በመጀመሪያው ወር የኪራዩን ውል በሁለት ስም ማሳደስ፤ ደመወዝ የሚገባበትን ሒሳብ የጋራ ማድረግ፤ መድኑን ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ከፈቃዱ ጉዳይ ሌላ ለራሷ ለሚስቲቱ ዋስትና ነው፤ ባል ድንገት ቢሞት ስሟ ያልተጻፈበት ቤት ያስወጣታልና።

ስለ ገቢ ግብርም አንድ ቃል እንጨምራለን። ያገባ ሰው «አላገባሁም» ብሎ ግብር ቢከፍል ሐሰት መጻፉ ነው፤ ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ያደረገው ነገር የትዳሩን ማስረጃ በራሱ እጅ ያፈርስበታል። ለየብቻ መክፈል በሕግ የተፈቀደ ቢሆንም ለምን እንዲህ እንደ ተደረገ የሚያስረዳ ደብዳቤ ቢጨመር ይሻላል።

ስለ ስም፤ ስለ ዘመንና ስለ ትርጉም

ለኢትዮጵያውያን ልዩ የሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ስም ነው። በኛ ልማድ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ ልጅም የአባቱን የመጀመሪያ ስም እንጂ የቤተ ሰብ ስም አይከተልም። ስለዚህ አባት፤ እናትና ልጅ ሦስት ዓይነት የኋላ ስም ይዘው ይታያሉ፤ ልማዱን የማያውቅ ሹምም ይደናገራል። ይህን ባጭር ደብዳቤ ማስረዳት አንድ ገጽ እንኳ አይፈጅም። ከዚህም ጋራ አንዱ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በየወረቀቱ ልዩ ልዩ ሆኖ ይገኛል፤ በፓስፖርቱ ያለውን አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ቦታ እርሱኑ መከተል ይገባል።

ሁለተኛው ዘመን ነው። ያገራችን የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት በኛ አቆጣጠር የተጻፈ ሲሆን ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል። ተርጓሚው ሳያስተውል ዓመቱን እንዳለ ቢያሰፍረው ጋብቻው ከሙሽራይቱ የልጅነት ዘመን የተፈጸመ ሊመስል ይችላል። እንዲሁም አንዱ ወረቀት በአንድ ዘመን፤ ሌላው በሌላ ዘመን ተጽፎ ሲቀርብ እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። ስለዚህ በትርጉሙ ላይ ሁለቱንም ዘመን ጎን ለጎን መጻፍ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው ትርጉም ነው። በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ወረቀት ሁሉ ሳይጎድል ተተርጉሞ ይቀርባል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ መሆኑን ጽፎ ይፈርምበታል። ማኅተሙና በዳር የተጻፈው ቃል እንኳ አይተውም።

የጋብቻው ወረቀት ራሱ በመጀመሪያው ጊዜ የቀረበ ቢሆንም ግልባጩን መያዝ መልካም ነው። በኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፤ ወይም በሃይማኖት፤ ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል፤ በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም ግን መመዝገብ አለበት። በሽማግሌና በጸሎት ብቻ የተፈጸመውን ጋብቻ ሳያስመዘግቡ የተዉ ሰዎች ለባሕር ማዶው ጉዳይ ይቸገራሉና፤ ወላጆች የሠርጉ ድግስ ሲያበቃ ምዝገባውን አስቀድመው እንዲያስፈጽሙ ይገባል።

ስለ ምስክሮች

ከወረቀቱ ሌላ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በመሐላ የጽሑፍ ምስክርነት ይሰጣሉ። እነዚህ ሰዎች ባልና ሚስቱን ነዋሪነቱ ከተሰጠበት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁ መሆን አለባቸው። የሚጽፉትም ሙሉ ስማቸውን፤ አድራሻቸውን፤ የተወለዱበትን ቀንና ቦታ፤ ከባልና ሚስቱ ጋራ ያላቸውን ግንኙነት፤ ይልቁንም ነገሩን እንዴት እንዳወቁት ነው።

የኛ አገር ምስክር ልማዱ ማመስገን ነው፤ «እርሱ የጨዋ ልጅ ነው፤ እርስዋም ሥርዓት ያላት ናት» ብሎ ይጽፋል። ይህ ቃል መልካም ቢሆንም ለሹሙ ምንም አይነግረውም። ይልቅስ «ባለፈው የትንሣኤ በዓል በቤታቸው ጾም ፈታን፤ ልጃቸው በታመመች ጊዜ ሁለቱ በሐኪም ቤት ሲያድሩ አየኋቸው፤ ቤት ሲቀይሩ ዕቃቸውን አብሬ ተሸክሜአለሁ» ብሎ የሚጽፍ ምስክር ያየውን ስለ ተናገረ ቃሉ ይታመናል። ምስክሮቹም ሁሉ አንድ ሰው አጽፎ ያደላቸውን አንድ ዓይነት ቃል መፈረም የለባቸውም። የምስክር ቃል የወረቀት ማስረጃን ያጠነክራል እንጂ አይተካውም።

ጽሕፈቱ ከተላከ በኋላ

ማንም ሰው ወረቀቱን ከመላኩ በፊት የሁሉንም ግልባጭ ለራሱ ያስቀር። መሥሪያ ቤቱ ሲቀበለው የመቀበያ ደብዳቤ ይልካል፤ ይህችን ደብዳቤ እንደ ካርዱ አድርጎ መጠበቅ ያስፈልጋል። በ2023 ዓ.ም. በጥር ወር በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ይህ ደብዳቤ ያለቀውን ካርድ ለ48 ወር ያራዝመዋል። የሚሠራ ወይም የሚጓዝ ሰው ያለቀውን ካርድና ይህን ደብዳቤ በአንድነት ይዞ ያሳያል፤ ወደ አገሩ ለመምጣት ቢፈልግም ፓስፖርቱን ጨምሮ ሦስቱን መያዝ አለበት። የጊዜው መርዘም የጉዳዩ መበላሸት ምልክት እንዳይመስለው፤ ጉዳዩ ብዙ ወር፤ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ለጣት አሻራ ሊጠራ ይችላል። ማስረጃው ያነሰ እንደ ሆነ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ተጨማሪ ይጠይቃል፤ በደብዳቤው የተወሰነው ቀን ካለፈ ምሕረት የለውምና፤ የተጠየቀውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አሟልቶ መመለስ ይገባል። ማስረጃው በቂ ሲሆን ሹሙ ሳይጠራቸው ሊፈቅድ ይችላል፤ አለዚያ ባልና ሚስቱን ለጥያቄ ያቀርባቸዋል። በቀጠሮው ያልተገኘ ሰው ልመናው ሊዘጋበት ይችላል። ቤት የቀየረም ሰው በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻውን ማስታወቅ በሕግ ግዴታው ነው፤ ብዙ ሰው ጉዳዩ የሚጠፋበት ማስረጃ ጎድሎበት ሳይሆን ደብዳቤው ወደ ቀድሞ ቤቱ ሄዶ ነው።

ትዳሩ የፈረሰ እንደ ሆነ

እስከዚህ የተናገርነው ትዳሩ ደኅና ለሆነለት ሰው ነው። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ይህን ባለማወቅ የተጎዱ ሴቶች ብዙ ናቸውና።

በብዙ ቤት እንዲህ ይባላል፤ «ልጄ ሆይ ታገሺ፤ ሁለት ዓመት ምን አላት፤ ወረቀቱ እስኪወጣ ቻይው።» ይህን ምክር የሚሰጡት እናቶችና አክስቶች ከፍቅር የተነሣ ይሰጡታል። ባልዬውም ክፉ ሰው ቢሆን ይህን ያውቅና «አልፈርምልሽም፤ ወደ መጣሽበት አስመልስሻለሁ» እያለ ያስፈራራታል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ሕጉ የሚጠይቀው ጋብቻው ሲፈጸም በቅን ልብ መፈጸሙን ነው፤ የሚደበድባትን ሰው ታግሣ እንድትኖር አያስገድዳትም። ሰውዬው ባይፈርምም ብቻዋን ማመልከት ትችላለች። ይህ ለወንዱም ለሴቷም እኩል የተሰጠ መብት ነው።

ብቻውን የሚያመለክት ሰው ምክንያቱ ከነዚህ አንዱ መሆን አለበት፤

1ኛ/ የትዳር ጓደኛው የሞተበት፤
2ኛ/ በቅን ልብ የተፈጸመው ጋብቻ በፍርድ ቤት የፈረሰበት፤
3ኛ/ በትዳር ጓደኛው የተደበደበ ወይም ብርቱ ጭካኔ የተፈጸመበት፤
4ኛ/ ካገር ቢወጣ ከሌላው ሰው የበለጠ እጅግ ከባድ መከራ የሚያገኘው።

እንዲህ ያለው ልመና የ90 ቀኑን በር አይጠብቅም፤ ሰውዬው በቅድመ ሁኔታ ነዋሪ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ምክንያቱ በደረሰ ጊዜ ሊቀርብ ይችላል። ጋብቻው በቅን ልብ መፈጸሙን የሚያሳየው ማስረጃ ግን እንደዚያው ያስፈልጋል። ስለዚህ ከቤት የምትወጣ ሴት ከልብሷ ይልቅ የጋብቻ ወረቀቷን፤ ፓስፖርቷን፤ የኪራዩን ውልና ፎቶግራፎቹን ብትይዝ ይሻላታል፤ አስቀድማም ግልባጩን ለታመነች ወዳጅ ብታስቀምጥ ይበልጥ ይጠቅማታል። የተደበደበች እንደ ሆነ የፖሊስ፤ የሐኪምና የመጠለያ ቤት ወረቀት፤ ያዩ ሰዎችም ቃል ይረዳታል። ጭካኔ ማለትም ዱላ ብቻ አይደለም፤ ማስፈራራት፤ መቆለፍ፤ ከሰው መለየትም ይቆጠራል። የምታቀርበውም ነገር በሕግ በምሥጢር የሚጠበቅ ስለ ሆነ ለባሏ አይነገርበትም።

በዚህ ላይ ለሽማግሌዎች የምናቀርበው አንድ ቃል አለን። ማስታረቅ የተቀደሰ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዕርቁ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተጨመረበት ሲጎተት የመንግሥቱ ቀን አይቆምም። ነገሩን የያዙ ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «ካርዱ የሚያበቃው መቼ ነው?» ብለው ይሁን። ሽማግሌዎችም ለይተው ያሰናበቷቸው እንደ ሆነ ይህ በዚያ አገር ሕግ ፍቺ አይባልም፤ የፍርድ ቤት የመጨረሻ ፍርድ ያስፈልጋል። በአንድነት ካመለከቱ በኋላ የተፋቱ ሰዎችም ነገሩን ለመሥሪያ ቤቱ አስታውቀው ልመናውን ወደ ብቸኛ ልመና ማስለወጥ ይችላሉ፤ ዝም ማለት ግን ይጎዳቸዋል።

ከማን ምክር ይጠየቅ

ትዳሩ የጸናና ክስ የሌለበት ሰው ቅጹን አንብቦ ራሱ ሊሞላው ይችላል። ፍቺ፤ ድብደባ፤ የወንጀል ክስ ወይም የዘገየ ቀን ካለ ግን ፈቃድ ያለው ጠበቃ፤ ወይም ካሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የተሰጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ወኪል ማማከር ያስፈልጋል። ትርጉም የሚያውቅ ወይም ማኅተም ያለው ሰው ሁሉ የሕግ አዋቂ አይደለም። «እኔ ሰው አለኝ፤ ማስረጃም እሠራልሃለሁ» ከሚል ደላላ መሸሽ ግድ ነው። በሐሰት ጋብቻ የኢሚግሬሽንን ሕግ ያታለለ ሰው እስከ 5 ዓመት እሥራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ሊፈረድበት ይችላል፤ ከዚያም በኋላ በጋብቻ የሚገኘው በር ይዘጋበታል። እውነተኛ ትዳር ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት የሐሰት ወረቀት ቀላቅሎ ቢያቀርብ እውነቱን በሐሰቱ ያስጠረጥረዋል።

ልመናው የተፈቀደለት ሰው የአሥር ዓመት ካርድ ይቀበላል። ከአሜሪካ ዜጋ ጋራ ተጋብቶ አብሮ የሚኖር ሰው በነዋሪነት ሦስት ዓመት ሲሞላው፤ ሌላው ግን አምስት ዓመት ሲሞላው ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል። የአይ-751 ጉዳይ ገና ሳይፈጸም ሦስት ዓመቱ ቢሞላ የዜግነቱን ማመልከቻ ማስገባት ይፈቀዳል፤ ዜግነቱ የሚሰጠው ግን ቅድመ ሁኔታው ከተነሣ በኋላ ነው።

እንግዲህ አዲስ አበባ ተቀምጠው ልጃቸውን ለዳሩ ወላጆች የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። በስልክ ስትጠይቋት «ቤቱ እንዴት ነው? ሥራው እንዴት ነው?» ካላችሁ በኋላ «ስምሽ በውሉ አለን? ካርድሽ የሚያበቃው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። ጥያቄው ጥቂት ቢመስልም ቀኑ ሳያልፍ የተጠየቀ እንደ ሆነ፤ አንዲትን ልጅ ከፍርድ ቤት ደጅ፤ አንድን ቤተ ሰብም ከመለያየት ያድናል።